የኤ-10 ተንደርቦልት ስኬል ሞዴል አሠራር

የኤ-10 ተንደርቦልት ስኬል ሞዴል የአሜሪካ አየር ኃይል የሚጠቀምበትን ኤ-10 የተባለ የምድር ማጥቂያ አውሮፕላን በተወሰነ ንጽጽር አሳንሶ የሚያሳይ፣ ለዕይታ የሚቀመጥና የማይበር ሞዴል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ኪት ተብሎ በሳጥን ከሚሸጥ የፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ክፍሎች ስብስብ ነው። ክፍሎቹ ከፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተቆርጠው፣ ተሞርደው፣ ተጣብቀውና ተቀብተው ሞዴሉ ይጠናቀቃል።

ይህ አውሮፕላን በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ በጣም ይወደዳል፤ ጀማሪን በማሳሳትም ይታወቃል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በጥንቃቄ የተገጠመ ሞዴል እንኳ በጎማዎቹ ሲቆም አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ በጅራቱ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ አውሮፕላኑ በአገልግሎት ዘመኑ ቀለሙንና የሚሸከመውን መሣሪያ ደጋግሞ ስለለወጠ፣ የአንዱን ዘመን ቀለም ከሌላው ዘመን መሣሪያ ጋር መቀላቀል ቀላል ነው። ሁለቱም ስህተቶች የሚታዩት ሥራው ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ መከላከል የሚቻለው ግን ሙጫው ከመከፈቱ በፊት ነው።

ስለ እውነተኛው አውሮፕላን

ኤ-10 በፌርቻይልድ ሪፐብሊክ ኩባንያ የተሠራ፣ አንድ አብራሪ የሚይዝና ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 1972 ነው። ሥራው በምድር ላይ የሚዋጋን ጦር በቅርብ ማገዝና ታንኮችን መምታት ነው። ርዝመቱ 16.26 ሜትር፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ደግሞ 17.53 ሜትር ነው። ወታደሮች ባወጡለት ቅጽል ስም «ዋርቶግ» ይባላል፤ ይህም ከርከሮ ማለት ነው። መልኩን ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም።

አውሮፕላኑ የታቀደው በጂኤዩ-8 አቬንጀር መድፍ ዙሪያ ነው ማለት ይቻላል። መድፉ ሰባት አፈሙዝ ያለው ባለ 30 ሚሊ ሜትር መሣሪያ ሲሆን፣ ከጥይት ማጠራቀሚያው ጋር ጥይት ሲሞላ 1,830 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የሚተኩሰው አፈሙዝ በአውሮፕላኑ መካከለኛ መስመር ላይ እንዲውል ሲባል የፊት ጎማው ከመሐል ወደ ቀኝ ተገፍቷል። አብራሪው የሚቀመጠው ከቲታኒየም በተሠራ፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ በሚመስል መከላከያ ውስጥ ነው። ሞተሮቹ ደግሞ በአካሉ የኋላ ክፍል ላይ፣ ከክንፉ በላይና ኋላ ተሰቅለዋል።

ከባዱ መድፍና መከላከያው ከፊት፣ ሁለቱ ሞተሮች ከኋላ ሆነው እርስ በርስ ይመዛዘናሉ። መካኒኮች መድፉን ለጥገና ሲያወጡ አውሮፕላኑ በጅራቱ እንዳይወድቅ ከኋላ ድጋፍ ያደርጉለታል። በሞዴሉ ላይ የሚያጋጥመውም ችግር ይኸው ነው፤ የፕላስቲኩ መድፍ ባዶ ስለሆነ ሞዴሉ መድፉ እንደወጣለት አውሮፕላን ይሆናል።

ስኬል

ስኬል ማለት የሞዴሉ መጠን ከእውነተኛው ጋር ያለው ንጽጽር ነው። 1/48 ሲባል በሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነው በእውነተኛው ላይ 48 ሴንቲ ሜትር ነው። የተለመዱት የአውሮፕላን ስኬሎች የመጡት ከእንግሊዝ የርዝመት መለኪያ ነው። በ1/72 አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል፤ ስለዚህ ረጅም ሰው አንድ ኢንች ያህል ይሆናል። በ1/48 ደግሞ ሩብ ኢንች አንድ ጫማን ይወክላል። በሜትር ለሚያስብ ሰው ቁጥሮቹ ግራ የሚያጋቡት ለዚህ ነው።

የኤ-10 ክንፍ በ1/72 ሲሠራ 24.3 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/48 36.5 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/32 ደግሞ 54.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ትልቁ መጠን ዝርዝሩን ቢያሳይም ከተራ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይተርፋል። ለመጀመሪያ ሥራ 1/72 ዋጋውም ቦታውም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥቃቅን ክፍሎቹ ለጣት ያስቸግራሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ ሠሪዎች 1/48ን ይመርጣሉ።

ስኬል ከርዝመት አልፎ ውፍረትንም ይመለከታል። በ1/48 ሞዴል ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመር ወደ እውነተኛው መጠን ሲመለስ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስንጥቅ ነው። በእውነተኛ አውሮፕላን ላይ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ቢገኝ አውሮፕላኑ ከምድር እንዲነሣ አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ በኪቱ ላይ ያሉትን መስመሮች በጥቁር ቀለም አጉልቶ ማሳየት ለዓይን ቢያምርም ከእውነታው ያርቃል።

ክብደት ደግሞ የሚቀንሰው በሌላ ሒሳብ ነው። ርዝመት በ48 ሲካፈል ይዘት በ48 × 48 × 48፣ ማለትም በ110,592 ይካፈላል። በዚህ ስሌት 1,830 ኪሎ ግራም የሚመዝነው መድፍ በ1/48 ወደ 16.5 ግራም ብቻ ይወርዳል። በ1/72 ከሆነ 5 ግራም እንኳ አይሞላም። ቁጥሩ ለማወቅ ያህል ጥሩ ነው እንጂ ለሥራ አይበቃም፤ የፕላስቲኩ ውፍረት ከእውነተኛው ቆርቆሮ ጋር ስለማይመጣጠን የሚያስፈልገው ክብደት በልኬት መገኘት አለበት።

አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ዘመን

ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ኪቱን ከመክፈታቸው በፊት «ይህ የትኛው አውሮፕላን ነው? በየትኛው ዓመት?» ብለው ይጠይቃሉ። «ኤ-10» የሚለው መልስ አይበቃም።

በ1970ዎቹ አውሮፕላኑ በተለያዩ ግራጫ ቀለሞች ተሞክሯል። ቀጥሎ የመጣው «ዩሮፒያን 1» የተባለው ቀለም ሲሆን፣ ሁለት ዓይነት አረንጓዴና አንድ ጥቁር ግራጫ ያለው፣ ሆዱን ጨምሮ መላ አካሉን የሚሸፍን ነው። የታሰበው ለአውሮፓ ደንና ለደመናማ ሰማይ ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1991 በተካሄደው የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ኤ-10ዎች የተዋጉት ይህንኑ የደን ቀለም እንደለበሱ በበረሃ ላይ ነው። ስለዚህ በአሸዋ ሜዳ ላይ የቆመ አረንጓዴ ኤ-10 ስህተት አይደለም፤ የ1991 ሞዴልን በአሸዋማ ቀለም መቀባት ግን ስህተት ነው። ከዚያ ጦርነት በኋላ ሁለት ዓይነት ግራጫ መደበኛ ቀለም ሆነ። በዚህ ዘመን ብዙዎቹ አውሮፕላኖች ሆዳቸው ላይ የአብራሪውን መስታወት የሚመስል ጥቁር ግራጫ ቅርጽ ተቀብቶባቸዋል። ዓላማው በፍጥነት የሚያይ ጠላት አውሮፕላኑ ወደየት እየዞረ እንደሆነ እንዳይለይ ማድረግ ነው።

መሣሪያውም ከዘመኑ ጋር ይሄዳል። በ1991 የተለመደው ጭነት ማቭሪክ ሚሳኤል፣ በአንዱ ክንፍ ዳር ሁለት ሳይድዋይንደር ሚሳኤሎች፣ በሌላው ክንፍ ዳር ደግሞ ራዳር የሚያውክ መሣሪያ ነበር። ኤ-10ሲ የተባለው የተሻሻለው ዓይነት ደግሞ ዒላማ የሚያሳይ ካሜራ የያዘ ሲሊንደር ይሸከማል። በአሮጌው ኤ-10ኤ አፍንጫ አጠገብ በቀኝ በኩል «ፔቭ ፔኒ» የተባለ የሌዘር መፈለጊያ ተሰቅሎ ነበር። የዛሬውን ኤ-10ሲ የሚሠራ ሰው ይህን ክፍል በኪቱ ውስጥ ቢያገኘውም መተው ይኖርበታል።

አውሮፕላኑ 11 የመሣሪያ ማንጠልጠያዎች አሉት፤ ስምንቱ ከክንፉ በታች፣ ሦስቱ ከአካሉ ሥር ናቸው። ከአካሉ ሥር ያለው የመሐሉ ማንጠልጠያና ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ በአንድ ጊዜ ጭነት አይዙም። ኪቶች ግን ሁሉንም የሚሞላ ሚሳኤልና ቦምብ ስለሚሰጡ ጀማሪ ሁሉንም ይሰቅላል። እንዲህ የተጫነ ሞዴል ከውጊያ አውሮፕላን ይልቅ የመሣሪያ ሱቅ ይመስላል።

ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ የአንድ የተወሰነ አውሮፕላን ፎቶግራፍ ነው። በዚህ ረገድ በብዛት ከሚሠሩት አንዱ፣ ካፒቴን ኪም ካምቤል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 2003 በባግዳድ ላይ የበረረችበት አውሮፕላን ነው። በጅራቱ አካባቢ ተመትቶ የሃይድሮሊክ ኃይሉ ሲጠፋ፣ በእጅ ኃይል በገመድ ወደሚሠራው ተጠባባቂ መቆጣጠሪያ ቀይራ በሰላም አሳርፋዋለች። በተመታው ጅራት ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በፎቶግራፍ ስለተመዘገቡ ሠሪዎች አንድ በአንድ ሊቀዱ ይችላሉ።

የአፍንጫ ክብደት

ሞዴሉ በሦስት ጎማዎቹ እንዲቆም የስበት ማዕከሉ ከሁለቱ ዋና ጎማዎች ፊት መዋል አለበት። የኤ-10 ኪት ሞተሮችና ሁለት የጅራት ክንፎች ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ስለሚውሉ፣ ያለ ተጨማሪ ክብደት ይህ አይሟላም። ክብደቱ የሚገባው አካሉ ሳይዘጋ ነው። ከተዘጋ በኋላ ያለው ምርጫ መቅደድ ወይም ከጅራት በታች ግልጽ ዘንግ ማቆም ብቻ ነው።

ልኬቱ ቀላል ነው። ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ማለትም አካሉ፣ ክንፉ፣ ሞተሮቹና ጅራቱ በወረቀት ፕላስተር ለጊዜው ይያያዛሉ። ከዚያ ሞዴሉ ዋና ጎማዎቹ በሚያርፉበት መስመር ላይ በተጋደመ እርሳስ ላይ ይቀመጥና፣ አፍንጫው ላይ በትንሽ ፌስታል ክብደት እየተጨመረ ወደ ፊት እስኪያዘነብል ይጠበቃል።

የክብደቱ ቦታ ከክብደቱ መጠን ባልተናነሰ ይወስናል። ለምሳሌ ከዋናዎቹ ጎማዎች 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ የሚገኝ 12 ግራም ትርፍ ክብደትን ማመዛዘን ቢያስፈልግ፣ 12 በ15 ሲባዛ 180 ይሆናል። ማመዛዘኛው ከጎማዎቹ 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት አፍንጫ ውስጥ ቢገባ 15 ግራም ይበቃል። 6 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በአብራሪው ወንበር ኋላ ቢቀመጥ ግን 30 ግራም ይጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞላው የአፍንጫው ጫፍ፣ ቀጥሎ በፊት ጎማው ክፍል ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ፣ በመጨረሻም ከአብራሪው ወለል ሥር ያለው ነው። ቀለም፣ ሙጫና በክንፉ ሥር የሚሰቀለው መሣሪያ ሚዛኑን ስለሚለውጡ ከተለካው ትንሽ ማስበለጥ ያስፈልጋል።

ለክብደት የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ፣ የብረት ኳስ ወይም ትንንሽ ዳዶ ይውላል። የብረት እርሳስ ከባድ ስለሆነ ይመረጣል፤ ነገር ግን መርዛማ ነው። ከነጭ የእንጨት ሙጫ ጋር ሲገናኝም ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል። ዱቄቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ከዓመታት በኋላ የሞዴሉን አፍንጫ ከውስጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። ሥራው ያለቀ፣ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ሞዴል በራሱ ጊዜ ሲፈነዳ ማየት ደስ አይልም። በመሆኑም ብረት ወይም ተንግስተን መጠቀምና በኢፖክሲ ማጣበቅ ይሻላል።

የክብደት መብዛትም ጉዳት አለው። ሸክሙ የሚያርፈው በአንዲት ቀጭን የፊት እግር ላይ ነው፤ እሷም ከመሐል ስለወጣች ወደ ጎን ትጠማዘዛለች። በትልልቅ ስኬሎች የፕላስቲኳን እግር በናስ መተካት ወይም ሽቦ ማስገባት የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ የማይፈልግ ሰው ሞዴሉን ጎማዎቹ እንደታጠፉ በማቆሚያ ላይ አድርጎ እንደሚበር ሊያሳየው ይችላል። ያን ጊዜም ዋናዎቹ ጎማዎች ሙሉ በሙሉ አይሰወሩም፤ በእውነተኛው ኤ-10 ሲታጠፉ ግማሻቸው ከመያዣቸው ውጭ ይቀራል።

ገጠማ

ክፍሎቹ ከፍሬሙ በመቁረጫ ፒንሳ ከራቅ ብሎ ይቆረጡና የቀረው ጉብታ በምላጭና በጥሩ ሞረድ ይስተካከላል። ከአካሉ ጋር አስጠግቶ መቁረጥ ፕላስቲኩን ይቦጭቃል። ትንንሾቹ ክፍሎች በወረንጦ ይያዛሉ።

የፕላስቲክ ሙጫ እንደ ወረቀት ሙጫ አይደለም። የሁለቱን ክፍሎች ገጽ አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ቀለም የተቀባ ገጽ ላይ በደንብ አይዝም፤ የሚጣበቀው ጠርዝ አስቀድሞ ይፋቃል። ቶሎ የሚደርቀው ሱፐር ግሉ ደግሞ ከብረትና ከሬዚን ክፍሎች ጋር ጥሩ ቢሆንም፣ ትነቱ የአብራሪውን መስታወት ያጭጨግገዋል። ለመስታወቱ ነጭ ሙጫ የሚመረጠው ለዚህ ነው። የፕላስቲክ ሙጫና የቀለም ማቅጠኛ ትነት ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ሥራው አየር በሚገባበት ክፍል መሆን አለበት፤ ቀለም ሲነፋና ሬዚን ሲሞረድ ተራ የጨርቅ ጭምብል አይበቃም።

የአብራሪው ክፍል መጀመሪያ ተሠርቶና ተቀብቶ በአካሉ ግራና ቀኝ ግማሾች መካከል ይገባል። ከዚያ አካሉ ይዘጋል። የመጋጠሚያው መስመር በስቱኮ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት በውሃ ይለሰልሳል። በኤ-10 ላይ በጣም የሚያስቸግረው የሞተሮቹ መጋጠሚያ ነው፤ ክብ ስለሆነ ሞረድ ውስጡ አይደርስም። አንዳንድ ሠሪዎች የሞተሩን የአየር ማስገቢያ ውስጥ ነጭ ቀለም አፍስሰው በማንቆርቆር መስመሩን ይሸፍናሉ።

ቅርጹን የሚወስኑ ጥቂት ማዕዘኖች አሉ። የክንፉ መካከለኛ ክፍል አግድም ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ከጎማዎቹ ውጭ ያለው ክፍል በሁለቱም በኩል 7 ዲግሪ ወደ ላይ ይነሣል። የክንፉ ጫፍ ደግሞ ወደ ታች ይታጠፋል። ሁለቱ የጅራት ክንፎች ከአግድሙ ጅራት ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራሉ፤ እንደ ኤፍ-18 ወደ ውጭ አያዘነብሉም። በእውነተኛው አውሮፕላን የግራውና የቀኙ የጅራት ክንፍ ሊለዋወጥ ይችላል፤ በኪት ግን እያንዳንዱ የራሱ መግጠሚያ ሊኖረው ስለሚችል ከፍሬሙ ሲቆረጥ ቁጥር መጻፍ ከብዙ ልፋት ያድናል።

ቀለምና ምልክት

የአሜሪካ አውሮፕላኖች ቀለም የሚጠራው «ፌዴራል ስታንዳርድ 595» በተባለው መዝገብ ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው አኃዝ አንጸባራቂነቱን፣ ሁለተኛው የቀለሙን ቤተሰብ ያመለክታል። የዘመናዊው ኤ-10 ቀለም 36320 ሲሆን 3 የማያንጸባርቅ፣ 6 ግራጫ ማለት ነው። ሁለተኛው ግራጫ 36375 ነው። ከአሮጌዎቹ አረንጓዴዎች አንዱ 34102 ነው፤ 4 አረንጓዴን ያሳያል። ይህን የተረዳ ሰው የየትኛውንም ፋብሪካ ቀለም ሲገዛ በስሙ አይታለልም።

ቀለሙ በብሩሽ ወይም በኮምፕሬሰር በሚሠራ ኤርብረሽ ይቀባል። ሁለቱም ይሆናሉ፤ ዋናው ነገር ቀለሙን በወፍራም አንድ ጊዜ ከመቀባት ይልቅ በስሱ ደጋግሞ መቀባት ነው። ትንሽ ሞዴል በእውነተኛው ቀለም ሲቀባ ከሩቅ ከሚታየው አውሮፕላን ይልቅ ይጠቁራል የሚሉ ሠሪዎች ጥቂት ነጭ ይጨምራሉ። በዚህ ላይ ስምምነት የለም።

ዲካል የሚባሉት በውሃ ተነክረው የሚለጠፉ ምልክቶች የሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ ካልቀደመላቸው ከሥራቸው አየር ይቀርና እንደ ብር ያብለጨልጫሉ። በመጨረሻ የማያንጸባርቅ ቫርኒሽ ሁሉንም ያስተካክላል። በኤ-10 አፍንጫ ላይ በብዛት የሚታየው የሻርክ አፍ የ23ኛው ክፍል መለያ ነው፤ አመጣጡም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቻይና ከተዋጉት አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኛ አብራሪዎች ጋር ይያያዛል። ሌሎች ክፍሎች የከርከሮ ፊት ሥለዋል። የሻርኩን አፍ በማንኛውም ኤ-10 ላይ መለጠፍ የአንዱን ክፍል መለያ ለሌላው መስጠት ነው። በጅራቱ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላትና የአፍንጫው ሥዕል መስማማታቸው በፎቶግራፍ መረጋገጥ አለበት።

እርጅናን ለማሳየት በአፈሙዙ ኋላ የባሩድ ጭስ ቅሪት፣ በሞተሮቹ ሥር ደግሞ የዘይት ነጠብጣብ በስሱ ይጨመራል። ዝገት ግን ቦታ የለውም፤ የአውሮፕላኑ ቆዳ በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም።

ኪት በማይገኝበት

ኪት ውድ ወይም ሩቅ በሚሆንበት ቦታ የወረቀት ሞዴል አለ። ቀለሙ ጭምር በወፍራም ወረቀት ላይ ታትሞ፣ በመቀስ ተቆርጦና ታጥፎ በነጭ ሙጫ ይያያዛል። የሚጠይቀው ማተሚያ፣ መቀስና ትዕግሥት ብቻ ነው። በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ የሚሠሩ ክፍሎችም እየተስፋፉ ነው፤ በተለይ ለወንበር፣ ለጎማና ለመድፍ። የኮምፒዩተሩ ሥዕል ትክክል ካልሆነ ግን ማተሚያው ስህተቱን በታማኝነት ያትመዋል። ስለዚህ ክንፉን በማስመሪያ ለክቶ፣ በስኬሉ አባዝቶ፣ ከ17.53 ሜትር ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። የወረቀት ኤ-10ም በጎማዎቹ እንዲቆም ከተፈለገ አፍንጫው ሳይዘጋ ሁለት ሦስት ዳዶ መዋጥ አለበት።